የማን ቀኖና?

ሴቶች ወደ እኔ መጥተው «ባሌ ይመታኛል» አይሉኝም። «አባቴ፣ ለቤቴ ጠበል ይርጩልኝ» ነው የሚሉት፤ ወይም «ስግደት ይጨምሩልኝ»።

አንዲት የንስሐ ልጄ (እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች) ኑዛዜዋን የጀመረችው «አንደበቴን መግታት አቃተኝ» ብላ ነበር። ባሏ ሰክሮ ሲገባ መልስ መስጠቷን ኃጢአት አድርጋ ቆጥራዋለች። ያበጠ ጉንጯን ያየሁት መስቀል ስትሳለም ነጠላዋ ሸርተት ሲል ነው። ሽማግሌዎች ቀደም ብለው አስታርቀዋቸው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቂ ተብላ ጉልበት የሳመችው ግን እሷ ናት። «አባቴ፣ ብችለው ጽድቅ ይሆንልኛል?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጌታ መስቀሉን የተሸከመው ወዶ፣ ሌላውን ለማዳን ነው። የእሷ ዝምታ ማንን ያድናል? ባሏን እንኳ አያድነውም፤ ኃጢአቱን ያለምድለታል እንጂ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቀኖና የሚሰጠው ለበደለው ነው። የተደበደበችዋን «ቻይው ልጄ» ብለን ወደዚያው ቤት ስንሸኝ የእሱን ቀኖና በእሷ ጫንቃ ላይ እየጫንን ነው። በስሙ በተሰየመው ቅዳሴ የምንቀድሰው ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም፣ ሚስቱን የሚመታ ባል ራሱን እንደሚያዋርድ አጥብቆ አስተምሯል።

«የቆረብኩ ነኝ፤ እንዴት እለያለሁ?» አለችኝ ደግሞ። ቅዱስ ጳውሎስ አትለያዩ ሲል እንኳ የተለየችውን አልረሳትም፤ ሳታገባ እንድትኖር ወይም እንድትታረቅ ነው የነገራት። ይቅርታውን ከዘመድ ቤት ሆና መስጠት ትችላለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት 23 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ የሄዱትም ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰሙት ቃል ከእኛ፣ ከቅርብ ሰዎቻቸው፣ አፍ የሚወጣው ነው። እኔ የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባን ወንጀል እንደሚያደርገው ነገርኳት፤ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የተዘጋጀውን የአለኝታን ነጻ የስልክ መስመር 6388ንም ጻፍኩላት። ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

ባሏም የንስሐ ልጄ ነው። በእሷ ፈቃድ አነጋገርኩት፤ መጠጡን እንዲተው፣ በደሉን በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲያምን ቀኖና ሰጠሁት። እስካሁን አልፈጸመም። ሽማግሌዎቹ ግን «አባታችን፣ ይገሥጿትና ትመለስ» እያሉ ይመላለሳሉ። መጀመሪያ እሱን ይዛችሁልኝ ኑ እላቸዋለሁ።