የተጠና ቃልና የተዘጋጀ ልቡና

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚሻ ወጣት በመርማሪዎች ፊት ቀርቦ «ሐኪም ለመሆን የፈለግኸው ስለ ምንድር ነው?» ተብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው። ጥያቄው የታወቀ ስለ ሆነም መልሱን ብዙ ቀን ሲያጠና ይሰነብታል። እንግዲህ የርኅራኄን ቃል አስቀድሞ አጥንቶ መናገር ዝግጅት ይባላልን ወይስ ሽንገላ? ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ቃል ታምኖ ነገ ሰውነቱን አሳልፎ የሚሰጥ ሕመምተኛ አለና።

በካናዳ አገር በሃሚልተን ከተማ ያለው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. አንድ የምርመራ ሥርዓት አሳትመው ገለጹ። ይኸውም የአመልካቹ ዕድል በአንድ መርማሪ መውደድና መጥላት እንዳይወሰን፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ልዩ ልዩ መርማሪዎችን እንዲገናኝ የሚያደርግ ነው። በየደጁ የተጻፈውን ጉዳይ በ2 ደቂቃ አንብቦ 8 ደቂቃ ያህል ይነጋገርበታል። ከታተሙት ጉዳዮች አንዱ፣ ራሱ የማያምንበትን መድኃኒት ለሕመምተኞች ስለሚያዝ ሐኪም የሚጠይቅ ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ ጥያቄ ወደ አመልካቹ ይመለሳል፤ ራሱ የማያምንበትን ቃል ለመርማሪ የሚያቀርብ ሰው ከዚያ ሐኪም በምን ይለያል?

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ መዘጋጀትን ሁሉ መንቀፍ ስሕተት ነው። ቅን ልብ ያለው ወጣት በፍርሃት አፉ ተይዞ እውነቱን ሳይናገር ቢመለስ ጥፋቱ ለሕመምተኛውም ይተርፋል። የቅኔ ተማሪም የሌላውን ቅኔ በቃሉ ይዞ እንደ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ያፍራል፤ ስልቱን ተምሮ ሲቈጥር ውሎ የራሱን ቢናገር ግን ይመሰገናል።

እንግዲህ እውነተኛው ዝግጅት ጥያቄውን አስቀድሞ ለራስ ማቅረብ ነው። ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ማስታመም፣ በዚያም የሚሰማውን መሰልቸትና መጸየፍ ሳይደብቁ መመርመር፣ የሚፈለገው የሰው መዳን ነው ወይስ የማዕረጉ ክብር፣ ወይስ የአባት ፈቃድ ብቻ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲህ የመረመረ ሰው በልቡ ክብርን መሻትና ርኅራኄ ተደባልቀው ቢያገኝ አይገርምም፤ ያንኑ ሳይሸሽግ ይናገር። መልሱ ያላማረ ይሆናል፤ ምናልባትም ቦታውን ያጣበታል። በተጠና ቃል የገባው ግን 8ቱን ደቂቃ ቢያልፍ፣ በሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሡት ሕመምተኞች ያንኑ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ይጠይቁታል።