አደራው በማን እጅ ይቀመጥ?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም ሳይተያዩና ሳይተዋወቁ በስልክ የሚገበያዩ ሁለት ሰዎች ገንዘቡንና ዕቃውን በምን መንገድ ቢለዋወጡ ይሻላል የሚል ነው። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የሰው ልጅ በማያውቀው ሰው ላይ ምን ያህል እምነት ሊጥል ይገባል፣ ጥንቃቄና ክፉ ጥርጣሬስ የሚለያዩት የት ላይ ነው የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ስፍራው ዘመሮ ነው። በዚያ በመንዝ ደጋ ውርጩ ሌሊት ሌሊት አጥንት ይሰብራል። አንዲት እናት ከበጎቿ የተሸለተውን ጸጉር አባዝታና ፈትላ፣ አሸምናም አንድ ወፍራም ባና ለሽያጭ አዘጋጅታለች እንበል። ልጇ የባናውን ፎቶግራፍ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም አወጣው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ አባወራ አይቶት ደወለ። ተከራከሩና በሦስት ሺህ ብር ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱም ዝም አሉ። እርሷ በልቧ «ባናውን በአውቶብስ ልኬ ገንዘቡ ቢቀርብኝስ?» ትላለች። እርሱም በበኩሉ «ገንዘቡን ልኬ ባናው ቢቀርስ?» ይላል። ሁለቱም ሌባ አይደሉም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ልብ የሚያይበት መስኮት የለውም።

ይህ ዝምታ ከየት መጣ? በቀድሞው ገበያ እንዲህ ያለ ጭንቀት እምብዛም አልነበረም። ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ባናው ይዳሰሳል፣ ይዘረጋል፣ ወደ ብርሃን ይያዛል፤ ገንዘቡም ይቆጠራል። መስጠትና መቀበል በአንድ ቅጽበት ይፈጸማል። ጠብ ቢነሳ ሽማግሌ አለ፤ ያታለለውም ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቀን እዚያው ይገኛል። በስልክ ግብይት ግን ያ አንድ ቅጽበት ለሁለት ተከፈለ። ከሁለቱ አንዱ የግድ መቅደም አለበት። ቀድሞ የሰጠ ሰው ደግሞ፣ ስሙ ሻጭም ሆነ ገዥ፣ በእውነቱ አበድሯል። ገንዘቡ ወይም ዕቃው በሌላው ጫንቃ ላይ ዕዳ ሆኖ ተቀምጧል።

ውድ አንባቢያን! ነገሩን በዚህ መልክ ስናየው ወዴት እንደሚወስደን አስተውሉ። በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ በርዝመቱ የሚታወቀው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ዕዳ እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። ከዚያም እጅ በእጅ የሚደረገውን ንግድ ለይቶ ያወጣና እርሱን ባትጽፉት ችግር የለውም ይላል። እንግዲህ የዘመሮዋ እናትና የአዲስ አበባው አባወራ ፊት ለፊት ቢገናኙ ኖሮ በዚህ ቅለት ሥር ይሆኑ ነበር። ርቀት ግን ከቅለቱ አውጥቶ ወደ ትእዛዙ አሻገራቸው። ስለዚህ ከማናውቀው ሰው ጋር በስልክ ስንገበያይ ዋስትናና ማስረጃ መፈለጋችን የዘመኑ ሰው ክፋት የወለደው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለዕዳ ቀድሞም የተነገረው ሥርዓት ነው።

«ይህ ግን ሰውን መጠርጠር አይሆንምን? አላህ (ሱ.ወ.) በአል-ሑጁራት ምዕራፍ ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ አዞን የለምን?» የሚል ወንድም ወይም እህት ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንፈልገው። በሐዲስ እንደተዘገበው፣ እርሳቸው ከአንድ አይሁዳዊ ገብስ በዱቤ ሲወስዱ የብረት ጥሩራቸውን በመያዣነት ሰጥተዋል። በዚህ ምድር ላይ «ቃሌ ይበቃል» ለማለት የሚገባው ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ። ጠላቶቻቸው ሳይቀሩ «አል-አሚን»፣ ታማኙ፣ ብለው የጠሯቸው ናቸው። ሆኖም መያዣ መስጠትን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም፤ የሰጡትም በሃይማኖት ለማይመስላቸው ሰው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ዋስትና በሰው ልብ ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም፤ እንዲያውም ከመፍረድ የሚያሳርፈን ነገር ነው። በቂ ዋስትና ካለ ስለዚያች እናት ታማኝነት መመራመር አያስፈልገኝም፤ ልቤ በመልካም ግምቱ ሊቆይ ይችላል። ጠርጣራ የሚያደርገን ዋስትና ማጣት ነው። ያለ ዋስትና ገንዘቡን የላከ ሰው ባናው እስኪደርስ ድረስ በየሰዓቱ ሰውየዋን በልቡ ሲከስሳት ያድራል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው ከክፉ ጥርጣሬ የራቀው?

እዚህ ላይ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሳል፤ ይህኛው ከባድ ነው። «አስተማማኝ» የምንለው የክፍያ መንገድ አስተማማኝነቱ ለማን ነው? አባወራው «ባናው እጄ ሲገባ ያን ጊዜ እከፍላለሁ» ቢል ለእርሱ ያለ ጥርጥር አስተማማኝ ነው። የእናቲቱ ግን የብዙ ወር ድካም በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወደማታውቀው ሰው ይሄዳል። እርሷ ደግሞ «ሙሉውን ካላስገባህ አልክም» ብትል ሸክሙ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን አደጋው አልጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። በእስልምና ሕግ ትልቅ መሠረት የሆነው መርሕ መጉዳትንም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስን ይከለክላል። የራሴን ስጋት በጎረቤቴ ላይ ጭኜ «ተጠነቀቅሁ» ማለት አልችልም።

በዚህ ሚዛን ዛሬ በእጃችን ያሉትን መንገዶች እንመዝናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው እጅ በእጅ መገበያየት ነው። ሻጭና ገዥ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ሰው በሚበዛበት ስፍራ በቀን ብርሃን ተገናኝተው፣ ዕቃውን አይተው፣ እዚያው ቢከፋፈሉ ይመረጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሻጭና ገዥ ከመለያየታቸው በፊት ግብይቱን የመተው ምርጫ እንዳላቸው አስተምረዋል። ይህ ምርጫ ትርጉሙ የሚታየው ሰዎች ዕቃውን እያዩ በአንድ ስፍራ ሲቆሙ ነው።

ሁለተኛው የስልክ ገንዘብ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ ከብዙ ዓመት በኋላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። ይህ ለገጠር ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት *127# በመደወል ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። ነገር ግን ጠባዩን እንወቅ። በዚህ መንገድ የተላከ ገንዘብ ወዲያው ይደርሳል፤ ላኪውም ተጸጽቶ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። ስለ ዕቃው የሚሰጠው ዋስትና የለም። ስለዚህ ዕቃውን ካየን በኋላ ለመክፈል እጅግ መልካም ሲሆን፣ ለማናውቀው ሰው ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ ለመላክ ግን ጥሬ ገንዘብ በፖስታ አሽጎ በመንገደኛ እጅ ከመላክ አይለይም።

ሻጮችም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መልእክት ገንዘብ አይደለም። አታላዮች የባንክን መልእክት አስመስለው ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካሉ፤ ሐሰተኛ የደረሰኝ ሥዕል ሠርተው «ይኸው ገብቷል» ይላሉ። «በስህተት ገንዘብ ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ብለው የሚያለቅሱም አሉ። ስለዚህ ዕቃውን ከመስጠታችሁ በፊት ሌላው የሚያሳያችሁን ትታችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ራሳችሁ ተመልከቱ። የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢላችሁም እንኳ። ስለ ዕቃው የተጻጻፋችሁትን መልእክትም አታጥፉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ደንግጓል። ያ ጽሑፍ የዛሬው ዘመን የዕዳ ሰነዳችሁ ነው።

ሦስተኛውና ለዘመሮዋ እናት ጉዳይ ይበልጥ የሚስማማው መካከለኛ እጅ ነው። ገዥው ገንዘቡን ሁለቱም በሚያምኑት ሰው ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል፤ ዕቃው ደርሶ ሲታይ አደራ ያዡ ገንዘቡን ለሻጯ ያስተላልፋል፤ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ዕቃው ወደ ሻጯ ገንዘቡም ወደ ገዥው ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሆን ማንም በማንም ምሕረት ሥር አይወድቅም። ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በ2003 ታኦባኦ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ የማይተዋወቁ ሰዎች መተማመን ባቃታቸው ጊዜ መፍትሔ ያገኙት በዚህ ነበር፤ አሊፔይ የገዥውን ገንዘብ ይዞ ይቆይና ገዥው ዕቃው መድረሱን ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቃል። ታላቁ የክፍያ ድርጅት የተነሳው ከዚህ ነው። እኛ ግን አደራ የሚለውን ቃል ከአያቶቻችን ወርሰናል። አዲስ አበባ ያለ የሻጯ ዘመድ፣ ወይም ሁለቱ የሚያውቁት ባለሱቅ ይህን ሊፈጽም ይችላል።

አደራ ያዥ ካልተገኘስ? ሸክሙን መከፋፈል ነው። ገዥው ለመጓጓዣው የሚበቃ ቀብድ ይላክ፤ ቀሪውን ባናው አውቶብስ ተራ ደርሶ፣ ተፈትቶ ሲታይ ወዲያው ይክፈል። ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ክብደቱ፣ የሚደርስበትም ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። የመዲና ሰዎች ለወደፊት ለሚደርስ ተምር አስቀድመው ሲከፍሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኟቸው ጊዜ መጠኑ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን ነው ያዘዟቸው። የሰለምን ዝርዝር ሕግ ለዑለማኦቻችን እንተወውና፣ ግልጽነት ጠብን እንደሚያስቀር ግን ሁላችንም እንማርበት።

መጀመሪያ እርምጃ ማን ይውሰድ ለሚለው የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ቢጠፋበት ብዙም የማይጎዳው ይቅደም። ሦስት ሺህ ብር ለአንዱ ቤት የአንድ ሳምንት ወጪ ሲሆን ለሌላው የክረምት ቀለብ ሊሆን ይችላል። ይህ ግዴታ ነው አልልም፤ ኢሕሳን ነው። የሰፋለት ሰው ለጠበበው በሩን ቀድሞ ቢከፍት ክብሩ አይቀንስም። ሰውየዋ ክርስቲያን ብትሆንም ነገሩ አይለወጥም፤ ሐቅ የሃይማኖት ወሰን የለውም።

ውድ አንባቢያን! ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። የትኛውም መንገድ፣ የትኛውም መሣሪያ የመጨረሻዋን ጋት አይሞላም። በ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለሰዓታት ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የተወሰደበትን ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አድርጎ ገለጸ። ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱትን ባንኩ በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ይፋ አወጣ። በዚያች ሌሊት መሣሪያው ተኝቶ ነበር፤ የቀረው የሰው ቀልብ ብቻ ነበር። በዚያች ሰዓት ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ ቀረበለት፤ ጠባቂው ሲያንቀላፋ አንተ ማን ነህ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ በተሰደዱባት ሌሊት ሊገድሏቸው የተማማሉት ሰዎች ንብረት በእጃቸው በአደራ ነበር። አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ አስቀሩት። ሰበብ ያሻው ሰው ከዚህ የበለጠ ሰበብ ከየት ያገኝ ነበር? ዛሬ ከወለድ ነፃ ባንኮች በአገራችን ስለተከፈቱ አላህን እናመሰግናለን። ሆኖም ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ የገባ የማታለል ገንዘብ ሐላል አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሁለቱን ነገሮች አብራችሁ አስተምሯቸው፤ እንዳይታለሉና እንዳያታልሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ያስተማርነው ልጅ ብልጥ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያስተማርነው የብልጦች ሲሳይ ይሆናል። ሁለቱን የያዘ ልጅ ግን በዘመሮ ብርድ ባናዋን ፈትላ ለምትጠብቅ እናት እንኳ፣ ሳታየው፣ ልቧ የሚያርፍበት ሰው ይሆናል።

አላህ ግብይታችንን በረካ ያድርግልን፣ አደራን ከሚበሉት ሳይሆን ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።