አራቱ ተሸካሚዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች በሩ በሕዝብ ቢዘጋባቸው ጣራውን ከፍተው ሽባውን ከጌታ ፊት አወረዱት። ጌታም የተሸካሚዎቹን እምነት አየ።

በመስከረም እዚሁ ፒያሳ አንዲት እናት ዓይኑ አጥርቶ የማያይ ልጃቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት በር ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ከሌሎቹ ጋር አይችልም» ተብለዋል። እኔም «አይዞዎት እማማ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ አለፍሁ። ዛሬ ያ ቃሌ ይወቅሰኛል።

አባቶቻችን እንዲህ አላለፉም። የእስክንድርያው ዲዲሞስ በልጅነቱ ዓይኑ ቢጠፋ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን እየዳሰሰ ተማረ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም በ4ኛው መቶ ዓመት የትምህርት ቤት አለቃ አድርጎ ሾመው። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር በጆሮው እየሰማ ዜማና ቅኔ ይማራል፤ መምህርም ይሆናል።

ሀገራችንም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 እንዲህ ያለው ልጅ ከእኩዮቹ ጋር፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ ተደርጎለት እንዲማር ያዝዛል።

እንግዲህ አራት አራት ሆነን ከእናቲቱ ጋር ወደ ርእሰ መምህሩ እንሂድ። የፊት ወንበር፣ ብሬይል፣ በቃል የሚሰጥ ፈተና እንጠይቅለት። ቅዳሜ ቅዳሜም መጽሐፉን እናንብብለት። ጸሎታችን ያለ ሥራ አይቅር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።