ውለታ ያልዋለ ውሻና የአሳዳሪው ግዴታ

ሰው ከእንስሳት ጋር ስላለው ግንኙነት የጻፉ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ እንስሳ ያስባል ወይስ አያስብም፣ ነፍስ አለው ወይስ የለውም የሚል ነው፤ ይሁንና ለዕለት ኑሮ ይበልጥ የቀረበ፣ መልሱም ይበልጥ የሚያስቸግር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው ምንም ውለታ ያልዋለለትን እንስሳ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ነው። ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው ከመጠለያ ወይም ከጎዳና ተነሥቶ ወደ አዲስ ቤት በሚገባ ውሻ ላይ ነው። መጠለያ ማለት ባለቤት ያጡ ወይም የተጣሉ እንስሳት የሚወስዳቸው ሰው እስኪገኝ ድረስ የሚቆዩበት ተቋም ሲሆን፣ አሳዳሪ የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ውሻውን ወስዶ በቤቱ የሚያኖረውን ሰው ያመለክታል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤተሰብ ውሻን የሚያውቀው በግቢ ጠባቂነቱ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይለቀቃል፣ ከገበታ የተረፈው ይሰጠዋል፣ እርሱም በበኩሉ ሌባና ጅብ ሲመጣ ጮኾ ቤተሰቡን ያነቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂል ይህንኑ የእንጀራና የጥበቃ ውል በአጭሩ የሚገልጽ ነው። ከዚህ አስተሳሰብ ታላላቅ ፈላስፎችም አላመለጡም። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው እንስሳን በሚመለከት ያለበት ግዴታ «ቀጥተኛ ያልሆነ ግዴታ» ነው ብሎ ያስተምራል፤ ይህም ማለት እንስሳን የሚያሠቃይ ሰው የገዛ ርኅራኄውን ስለሚያደነዝዝ ግዴታው በመሠረቱ ሰው ለራሱ ያለበት ነው እንጂ እንስሳው በራሱ የሚጠይቀው መብት አለው ማለት አይደለም። ካንት በዚሁ ሥፍራ ምሳሌ አድርጎ የሚያነሣው ለረጅም ዘመን ያገለገለን ያረጀ ፈረስ ወይም ውሻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን እንስሳ እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ውለታውን ማሰብ ተገቢ መሆኑን ይናገራል።

ብሂሉም ካንትም የሚነሡት ከአንድ ቦታ፣ ይኸውም ከተፈጸመ አገልግሎት ነው። ትናንት ከመጠለያ የመጣ ውሻ ግን ለዚህ ቤት የሠራው ሥራ የለም፤ ሊሠራም ቃል አልገባም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንጣፍ ያበላሻል፣ ጫማ ያኝካል፣ ሌሊት ያላዝናል፣ እጁን ከዘረጋለት ሰው ሸሽቶ አልጋ ሥር ይገባል። የደግነት ምክንያቱ የተዋለ ውለታ ብቻ ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ የሚገባው ነገር የለም ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ግድ ይሆናል፤ ይህን መደምደሚያ ግን ቅን ሕሊና አይቀበለውም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ከአገልግሎት ውጭ መፈለግ ያስፈልጋል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንስሳን በራሱ እንደሚንቀሳቀስ መሣሪያ በመቁጠሩ ጥያቄውን ከሥሩ የዘጋው ሲመስል፣ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ መለኪያው ማሰብ ወይም መናገር ሳይሆን መሠቃየት መቻል ነው በማለት መልሶ ከፍቶታል። የቤንታም መልስ ታላቅ ቢሆንም ለእንስሳት ሁሉ እኩል የሚሠራ በመሆኑ፣ ይህ ሰው ለዚህ አንድ ውሻ ከሌሎች ውሾች ሁሉ የተለየ ዕዳ ያለበት ለምን እንደሆነ አያስረዳም። ክሌር ፓልመር የተባሉት ፈላስፋ በ2010 ባሳተሙት የእንስሳት ሥነ ምግባር መጽሐፍ ያቀረቡት ሐሳብ ወደዚህ ነጥብ ይበልጥ ይጠጋል፤ እርሳቸው እንደሚሉት በዱር የሚኖር እንስሳ ቢራብ ሰው የመመገብ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል፣ ነገር ግን ሰው ራሱ ጥገኛ ያደረገው እንስሳ፣ ማለትም ምግቡንና መጠለያውን በራሱ እንዳያገኝ ሆኖ በሰው እጅ የወደቀው፣ የመረዳት መብት በዚያው ሰው ላይ ያገኛል። ግዴታውን የሚወልደው የእንስሳው አገልግሎት ሳይሆን የሰውየው ድርጊት ነው ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ሐዲስ የሚባሉት የነቢዩ ሙሐመድን ንግግርና ተግባር የሚያስተላልፉ ዘገባዎች ሲሆኑ፣ ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት ባዘጋጇቸው ስብስቦች ውስጥ ከሰፈሩት አንዱ ድመት ዘግታ በማኖሯ ስለተቀጣች ሴት ይናገራል፤ በዘገባው ጥፋት ሆኖ የተቆጠረባት ድመቷን አለመመገቧ ብቻ ሳይሆን፣ ድመቷ ወጥታ በምድር ላይ የራሷን ምግብ እንዳትፈልግ መከልከሏ ጭምር ነው። እዚህ ላይ የቀረበው ፍርድ እጅግ የጠለቀ ነው፤ በር የዘጋ ሰው ከበሩ ውጭ ለነበረው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ሆኗልና። በነዚሁ ስብስቦች ውስጥ የሚገኝ ሌላ ዘገባ ደግሞ ጕድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ በመቅዳት በጥም የተቃጠለ ውሻ ስላጠጣ መንገደኛ ይተርካል፤ ውሻው ለመንገደኛው ያደረገለት ነገር አልነበረም፣ ወደፊትም አብሮት የሚሄድ አልነበረም፣ ሰውየው ግን በዚህ ሥራው ምሕረት አገኘ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥዕላት ዘንድም ተመሳሳይ ምስክርነት አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ቆመው ሲሣሉ፣ አንዲት በውኃ ጥም የተቸገረች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ትታያለች፤ ወፊቱም መንገደኛው እንዳጠጣው ውሻ ብድር የምትመልስበት አንዳች ነገር የላትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ደግሞ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ አንድ ውሻ ይከተላቸዋል፤ መጽሐፉ ውሻው አደነ ወይም ከሌባ ጠበቀ አይልም፤ ከቤቱ አብሮ መውጣቱንና በመጨረሻም አብሮ መመለሱን ብቻ ይናገራል።

ምእመናንን የሚያሳስበው ሌላው ጉዳይ የንጽሕና ሥርዓት ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይጠበቃል፤ በእስልምናም መዝሀብ ከሚባሉት የሕግ ትርጓሜ መንገዶች መካከል የሻፊዒው ውሻ የላሰውን ዕቃ አንዱ በአፈር ሆኖ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ሲያዝ፣ የማሊኪው ደግሞ ሕያው ውሻን በራሱ ርኩስ አይለውም። ይህ ልዩነት የሊቃውንቱ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን የንጽሕና ሥርዓት ውሻው የት እንደሚገባና ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ይወስናል እንጂ ርኅራኄን አይሽርም። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ በዚያ የተወለዱ ልጆች ውሻ ይምጣልን ሲሉ ወላጆች የሚቸገሩት በዚሁ ነው፤ የጸሎትና የስግደት ሥፍራን ለይቶ ውሻውን በቀረው ቤት በሙሉ ልብ ማኖር ይቻላል፤ ልጆችን ለማስደሰት ተብሎ ግማሽ ልብ ይዞ ወስዶ በረንዳ ላይ አስሮ ማቆየት ግን ጭራሽ ካለመውሰድ የከፋ ነው።

ውሻ ለመውሰድ ከተወሰነ ከሁሉ አስቀድሞ ውሻው የሌላ ሰው መሆን አለመሆኑ ይጣራል፤ ኦሪት ዘዳግም የጠፋ በሬ ወይም በግ ያገኘ ሰው ባለቤቱ ፈልጎት እስኪመጣ በቤቱ እንዲያኖረው ያዝዛልና። ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ የመለያ ማይክሮቺፕ በተለመደበት አገር የእንስሳት ሐኪም ይህን በመሣሪያ ያነባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ወዲያው ሊታሰብበት ይገባል፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ ጥንቃቄው ከርኅራኄው ጋር የሚጣላ አይደለም።

የነገሩ ፍሬ ያለው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። ውሻው ከሚያውቀው ሽታ፣ ድምፅና የምግብ ሰዓት ተነጥሎ ያልመረጠው ቤት ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ ጊዜ ኮርቲሶል የተባለው፣ በውጥረት ወቅት ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። አንዳንዱ ውሻ አይበላም፤ አንዳንዱ ጥግ ይዞ ቀኑን ሙሉ አይነሣም፤ አሳዳሪውም ይህን ዝምታ እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ውሻው ቤቱን ለመደ ብሎ ይደሰታል፣ ዘመድ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል፣ ልጆችም ያቅፉታል። ዝምታው ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ያደነዘዘው ዝምታ ነው፤ ጅራቱን በጭኖቹ መካከል መወሸቁ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፉ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ደጋግሞ መላሱ፣ ሳይደክመው ማዛጋቱ ይህንን ይናገራሉ። ፍርሃቱ ሲላላ እውነተኛ ጠባዩ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ አሳዳሪው ውሻው ተበላሸ ወይም ደግነቱን ረሳ ብሎ ያዝናል፤ በእውነቱ ግን ውሻው ራሱን ማሳየት መጀመሩ የመልመድ ምልክት ነው። በብዙ መጠለያዎች ለአሳዳሪዎች የሚነገረው ልማዳዊ መመሪያ 3 ቀን ለመረጋጋት፣ 3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ለማወቅ፣ 3 ወር ቤቱን የራስ ለማድረግ ይላል፤ ይህ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ የሚፈልጉ ውሾችም አሉና።

ስለሆነም የአሳዳሪው የመጀመሪያ ሥራ ከማድረግ ይልቅ መተው ነው። ለውሻው ሰው የማይመላለስበት ጸጥ ያለ ማረፊያ ይሰጠዋል፣ በዚያም ሲተኛ ማንም አይነካውም፤ ምግቡና መውጫው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሆናል፤ ቀድሞ ይበላ የነበረው ምግብ በድንገት ሳይሆን በሳምንት ያህል ጊዜ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ለብቻው መቆየትንም ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ ይማራል። እንግዳ መጋበዝ ለጥቂት ሳምንታት ይቀራል። አዲስ ውሻ ደንግጦ ሊጠፋ ስለሚችል ከግቢ ውጭ ያለ ገመድ አይለቀቅም። ቢያጉረመርም አይመታም፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነውና፣ በዱላ ማስጠንቀቂያው የተወሰደበት ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሾች በቅጣት ሳይሆን በሽልማት እንዲሠለጥኑ መክሯል። ስሙም ቢሆን ምግብ ሲቀርብ በለሰለሰ ድምፅ የሚጠራበት እንጂ የሚቆጡበት ሊሆን አይገባም፤ በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ለእንስሳት ስም ያወጣው ገና ፍርሃትና ሞት ወደ ዓለም ሳይገቡ ነበርና።

ይህ ሁሉ ተራ የአያያዝ ምክር ቢመስልም ከሥሩ ሃይማኖታዊ ቁም ነገር አለው። አሳዳሪው ስለ ውሻው ሁሉን ወስኗል፤ ቤቱን፣ ምግቡን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን ሳይቀር የመረጠው እርሱ ነው። ሊያዝዘው የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እርሱም ውሻው ቀርቦ መታመኑ ነው። ነጻ ፈቃድ የሚባለው፣ ማለትም ፍጥረት ሳይገደድ የሚመርጥበት ኃይል፣ በምሉዕነት ለሰው የተሰጠ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ይሁን እንጂ ለመቅረብና ለመራቅ የመምረጥ ጥቂት ድርሻ ውሻም እንዳለው ያየው ሁሉ ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን እግዚአብሔር ሰውን ያለ ፈቃዱ አስገድዶ እንደማይስበው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ለሰው በእንስሳት ላይ የተሰጠው ግዛትም የሰጪውን መንገድ የሚከተል ከሆነ፣ ጥግ የያዘን ውሻ ጎትቶ ማቀፍ የፍቅር መልክ የያዘ ጉልበት ይሆናል። ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሳያፈጡበት መጠበቅና እርሱ ሲመጣ ብቻ መንካት ግን የግዛትን ትክክለኛ ትርጉም በተግባር መፈጸም ነው።

እንዲህ ያለው እንክብካቤ የዘመን ቅንጦት ነው የሚል ክርክር አለ፤ ሰው እየተራበ ለውሻ መጨነቅ ምን ይባላል የሚለውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በእርግጥም አቅም የሌለው ሰው ውሻ የመውሰድ ግዴታ የለበትም። እንክብካቤው ግን የቅርብ ዘመን ልማድ አይደለም። በጀርመን አገር ቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ሥፍራ በ1914 በተገኘና 14,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት አፅም ጋር የቡችላ አፅም ተገኝቷል፤ በ2018 የታተመ የጥርሶቹ ምርመራ ቡችላው ዲስተምፐር በሚባለው ከባድ የውሾች ሕመም ሳይያዝ እንዳልቀረ አመልክቷል፤ ተመራማሪዎቹም ያለ ሰው እንክብካቤ ከታመመ በኋላ ለሳምንታት በሕይወት ሊቆይ አይችልም ነበር ብለዋል። የታመመ ቡችላ አያድንም፣ አይጠብቅም፤ በበረዶው ዘመን መጨረሻ ለኑሮ ይታገሉ የነበሩ አዳኞች ግን ከጥቅም በፊት እንክብካቤን አስቀድመዋል።

የሚቀረው ውሻው በብዙ ትዕግሥትም ቢሆን ከቤቱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር፣ ለምሳሌ ለሕፃናት አስጊ ሲሆን፣ መመለስ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው። ግዴታው ከጥገኝነት የሚወለድ ከሆነ ሊያበቃ የሚችለው ጥገኝነቱ በሌላ እጅ ሲረከብ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሻውን ወደ መጠለያው የመለሰ ወይም አቅምና ቅንነት ላለው ሌላ ሰው ያስረከበ፣ ጠባዩንም ሳይደብቅ የተናገረ አሳዳሪ ግዴታውን እንዳፈረሰ ሊቆጠር አይገባም። በሌሊት በመኪና ጭኖ ከከተማ ዳር የሚጥለው ግን፣ ውሻው የጎዳናን ብልሃት ትቶ የሰው እጅ መጠበቅን የተማረው በእርሱ ቤት በመሆኑ፣ መጀመሪያውኑ አይቶት ካለፈው መንገደኛ የበለጠ በደል ፈጽሟል።