ዱካክና ጫት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም።

ባለፈው ረመዳን እዚሁ ድሬዳዋ መጋላ የጎረቤቴ ልጅ ከተራዊሕ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ። ለወሩ ብሎ ጫት ካቆመ አራተኛ ሌሊቱ ነበር። «አቦ፣ ወላሂ ዓይኔ ተገልጧል፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል» አለኝ። ዱካክ ነው። ጓደኞቹ «ጫቱ ነው የሚፈልግህ፣ ካልቃምክ አይለቅህም» ብለውታል። በማግስቱ ከኢፍጣር በኋላ የአወዳይ ዙርባ ይዞ አየሁት።

ወገኖቼ፣ ሰው ሕልም ሲያይ አላህ (ሱ.ወ.) ጡንቻውን ያስርለታል፤ ባይሆን ኖሮ በሕልሙ ሲሮጥ ከአልጋው በወደቀ ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና አካል ይዘገያል። ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አይገድልም። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ ሲተውት እንቅልፍ ዕዳውን ይጠይቃል፣ ሕልሙም ይበዛል። ኢብን ሲናም በ«አል-ቃኑን» ኪታቡ «ካቡስ» ብሎ ከበሽታዎች ጋር ጽፎታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፉ ሕልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እትፍ እንዲል፣ ከሸይጧን በአላህ እንዲጠበቅ፣ ጎኑን እንዲቀይር አስተምረዋል። በቀኝ ጎን መተኛትንም አዘዋል (ሐኪሞች ዱካክ በጀርባ የተኛን ያዘወትራል ይላሉ)። ታዲያ ለ«ባለቤቱ» ቡና አፍልቶ መርጨት ከየት መጣ?

በድንገት አፉ የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የዛለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ደም ከአንጎሉ ተቋርጦ ወይም ፈስሶ ይሆናልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።

ለልጁ ያን ሌሊት ይህን አልነገርኩትም። «አብሽር» ብዬው ተነሳሁ። ዛሬ ከዒሻ በኋላ ቤቱ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።