ለአይጧ ለምን እናደላለን?

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላው ከተማ፣ ዲሽ ባለበት ቤት ሕፃናት ተሰብስበው ከሚስቁባቸው ነገሮች አንዱ የቶምና ጄሪ ፊልም ነው። ዲሽ የሌለውም በታላቅ ወንድሙ ስልክ ያየዋል። አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ድመቱና አይጧ ከሞላ ጎደል አይናገሩምና። ካይሮ ያለው ልጅና እስቴ ያለው ልጅ እኩል ይስቃሉ። ትልቁም ሰው «የልጆች ነው» እያለ ቆሞ ሲያይ ቡናው ይቀዘቅዝበታል።

ፊልሙን ማየት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቻችን ልተወው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ድመቱ በመጥበሻ ሲመታ የምንስቀው፣ ሁላችንም ለአይጧ የምናደላው ለምንድን ነው?

ነገሩ በእኛ አገር ይበልጥ ይገርማል። አይጥ ለጋይንት ገበሬ መጫወቻ አይደለችም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይሰፈር ነበር። እንዲህ በኪሎ ተቆጥሮ በገባ እህል ላይ ጎታ የምትቀድ አይጥ ማንንም አታስቅም። ድመት የሚያሳድገውም ሰው ለመልኳ ብሎ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት በመካከላችን ከሚዘዋወሩት መሆኗንና ነጃሳ አለመሆኗን አስተምረዋል። አይጥን ግን ከአምስቱ አጥፊ እንስሳት ጋር ቆጥረዋታል፤ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤት እንዳታቃጥልም ስትተኙ መብራት አጥፉ ብለዋል። ይህ ሁሉ እያለ የባለ ጎታው ልጅ ለአይጧ ያጨበጭባል!

አንደኛው ምክንያት ድመቱ የማይጎዳ መሆኑ ነው። ተጨፍልቆ እንደ ቂጣ ከተዘረጋ በኋላ ተነሥቶ ይሮጣል። የእኛ ድመት አትነሣም። ድመት አስራ በረሃብ ስለ ገደለችውና በዚያ ምክንያት ስለ ተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ደረሳ ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ልጅ ድንጋይ ሲያነሣ ልዩነቱን መንገር የወላጅ ፋንታ ነው። ይህ ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ያከራክራል። አይጧ ትንሽ ናት። ልባችን ለትንሽ ያዝናል፤ ይህም ከአላህ የተሰጠ መልካም ነገር ነው። ሐናና ባርቤራ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1940 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ድመቱ ያን ጊዜ ቶም አልተባለም፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። አይጧን ጅራቷን ይዞ ያሠቃያታል፤ ርቦት ሳይሆን ለጨዋታ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው ሴት «አንድ ዕቃ ብትሰብር ትባረራለህ» ብላ ስታስጠነቅቀው አይጧ ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆ አንሥታ «ልልቀቀው?» በሚል ሁኔታ ታስፈራራዋለች። እዚህ ላይ ብንስቅ ተበዳይ ከበዳይ እጅ ስላመለጠ ነው።

ሁለቱ ሰዎች እስከ 1958 ድረስ እንዲህ ያሉ 114 ፊልሞች ሠርተዋል። በብዙዎቹ አይጧ የምትባረረው ከፍሪጅ ስትሰርቅ ተገኝታ ነው። ተኝቶ የነበረውን ድመት ራሷ የምትቀሰቅስበትም ጊዜ አለ። በደሉ ቀርቶ ትንሽነቷ ብቻ ቀረ። ሳቃችን ግን ያው ነው።

እኛ መምህራን ይህን በየዕረፍቱ እናየዋለን። ትልቅና ትንሽ ልጅ ሲጣሉ ምስክሩ ሁሉ «ትልቁ ነው የመታው» ይላል፤ እስክሪብቶውን ማን እንደ ወሰደ የሚናገር የለም። በሽምግልናም እንዲሁ ነው። ድንበር ገፍቶ ያረሰው ድሃው ከሆነ «ተውለት፣ እሱ ምን አለው» ይባላል። ባለ መሬቱ ወዶ ቢተውለት ሰደቃ ነው፣ አጅርም አለው። ሽማግሌ ግን ከሌላ ሰው መሬት ቆርሶ ሰደቃ አይሰጥም። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚገፋው የድሃው ድንበር ነው። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አያ ግን አላህ (ሱ.ወ.) በምስክርነት እንድንቆም ሲያዝ ሀብታሙንም ድሃውንም አንሥቶ፣ ለሁለቱም እሱ የቀረበ መሆኑን ይነግረናል። ለሀብታም ማድላት ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል። ለድሃ ማድላትም ማድላት ነው ሲባል ግን ፊታችን ይጨማደዳል።

በ1949 የወጣ «ሄቨንሊ ፐስ» የሚባል ፊልም አላቸው። በሞትና ከሞት በኋላ ባለው ነገር መቀለዱ ለእኛ የሚዋጥ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ያስገርማል። ድመቱ ፒያኖ ወድቆበት ይሞትና አይጧ ይቅር ብላ ካልፈረመችለት ማለፍ አይችልም ይባላል። የባሪያ ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ካላለ አይነሣም እያልን የምናስተምር ሰዎች ይህን አይተን ዝም ብለን አናልፍም። ነገር ግን ይቅርታ እንዲጠይቅ የተላከው ድመቱ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ፊልም ስለ ተበላው አይብና ስለ ተሰበረው ሳህን አይጧን የጠየቃት የለም። በመጥረጊያ የሚመታው እሱ ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው።

በቅርቡ ተማሪዎቼን «አይቡ የማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ግማሾቹ የጄሪ ነው አሉ፤ ግማሾቹ የቶም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ፊቷ የማይታየው ሴትዮ ናት ባለቤቷ» አለች። እውነቷን ነው፤ በእነዚያ ፊልሞች የምናየው የሴትዮዋን እግርና መጥረጊያዋን ነው። ክፍሉ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም አንዱ «እሷማ ሌላ ትገዛለች» አለና ሁሉም ሳቁ።