ክትባቱ አስቀድሞ ለማን ይሰጥ?

መድኃኒት ሲበዛ ሰው ሁሉ ቸር ነው፤ ሲያንስ ግን የሰው ፍርድ ይመረመራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የኮሮና ወረርሽኝ ክትባት በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ለሚኖረው ለቸሮኪ ሕዝብ ደረሰ። አስተዳዳሪዎቹም ከሐኪሞችና ከአስታማሚዎች ጋራ በቸሮኪ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱትን ሰዎች በመጀመሪያው ተራ አቆሟቸው። ከ380,000 በላይ ከሆነው ሕዝብ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት ወደ 2,000 የሚሆኑ ብቻ ነበሩ፤ የሚበዙትም በዕድሜ የገፉ ስለ ሆኑ በሽታው የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሰውን በሚያውቀው ነገር መዝኖ ለሕይወቱ ተራ መስጠት ይገባልን? ነፍስ ከነፍስ አትበልጥም የሚል ተከራካሪ መልሱ ቅርብ ነው፤ ዕድሜና ደዌ ይበቃሉ፥ ቋንቋን ምን አመጣው ይላል። ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ክርክር አለ። ብዙ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት የእናታቸውን ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር፤ ባደጉም ጊዜ ቅጣቱን አስበው ለልጆቻቸው ሳያስተምሩ ቀሩ። ከነዚያ የተወለደች አንዲት ሴት ቋንቋውን ያላወቀችው ንቃው ሳይሆን ተነጥቃ ነው። አሁን ደግሞ ስላላወቅሽው ከኋላ ቁሚ ብትባል፥ በአንድ በደል ሁለት ጊዜ መቀጣት አይሆንባትምን?

ቋንቋው በመጽሐፍ ተጽፎ የለምን፥ ስለ ምን ይጠፋል የሚልም ይገኛል። በእርግጥ ሴኮያ የተባለው ሰው በ1821 ዓ.ም. ለሕዝቡ ፊደል ፈጥሮለታል፤ በ1828 ዓ.ም. ጋዜጣ ታትሞበታል፤ በ1838 እና በ1839 ዓ.ም. ሕዝቡ ከርስቱ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲነዳ፥ ብዙ ሺህ ሰውም በመንገድ ሲያልቅ፥ ፊደሉ አብሮ ተሰዷል። ነገር ግን ይህ ፊደል የድምፁን መውጣትና መውረድ አያሳይም፤ ያም ትርጓሜውን ይለውጠዋል። የእኛም ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ እንደማያሳይ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መምህር የሌለው መጽሐፍ ዐይን እንጂ ጆሮ የለውም።

ስለዚህ ለዚያች ሴት የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። የተነጠቀችው ርስት ዛሬ ያለው በጎረቤቷ በሽማግሌው አፍ ነው፤ እርሱ ቢሞት የእርሷም የልጅ ልጆችዋም ድርሻ አብሮ ይቀበራል። እርሱን ማስቀደም የእርሷን ንብረት መጠበቅ ይሆናል። ሆኖም ይህ ምክንያት የሚጸናው ወረፋው አጭር ሲሆን፥ በጠና የታመመውም ሳይረሳ ነው። ደግሞም ሽማግሌውን እንደ ጎተራ ለእህሉ ብቻ የሚወድደው ሰው ክትባቱን ቢሰጠውም አላከበረውም፤ በጤናው ዘመን ሊጠይቀውና ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ሊማር ይገባው ነበር።

ፈራጁ ማን እንደ ነበረም ማየት ያሻል። ቸሮኪዎች በዋና ከተማቸው በታሌኳ ያለውን ሆስፒታል ከፌዴራሉ መንግሥት ተረክበው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ራሳቸው ያስተዳድሩታል፤ የክትባቱንም ተራ የወሰኑ ራሳቸው ናቸው። ሌላው ቢወስንላቸው ኖሮ የቋንቋው ነገር ምናልባት ከቶ አይነሣም ነበር።

ደርቢን ፊሊንግ የተባለው የቸሮኪ ሊቅ በ1975 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላት፥ ፊደሉ የማያሳየውን የድምፅ መውጣትና መውረድ በምልክት አስፍሮ ነበር፤ ቋንቋውንም ብዙ ዘመን አስተምሯል። በ2019 ዓ.ም. ሕዝቡ ለቋንቋው ጥበቃ ያወጣው ሕግ በስሙ ተሰየመ። እርሱ ግን በ2020 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ክትባቱ ከመድረሱ አራት ወር አስቀድሞ ዐረፈ።